ተገልብጣ የተሰቀለችው ስቴካ

ከባሌ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ስቴካ ማንከባለል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ከቤታችን ፊት ለፊት ባጃጆቹ ውሃ እየረጩ ያልፋሉ። የምግብ ጠረጴዛችንን ጨርቅ ገፍፈን ስቴካዋን፣ ማለትም የፑል መምቻዋን ዘንግ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደምናት። እሱ በአንዱ ጫፍ ቆሞ በመዳፉ ቀስ አድርጎ ገፋት። እኔ በሌላው ጫፍ ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ከጠረጴዛው ጋር አስተካክዬ፣ ከሥሯ የሚያልፈውን ብርሃን እጠብቃለሁ። ቀጥ ያለ ዘንግ ሲንከባለል ከሥሩ ያለው ብርሃን እንደ ክር ነው፤ አይወፍርም፣ አይቀጥንም። የጎበጠ ከሆነ ብርሃኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኛ ቤት ይህ «ትተነፍሳለች» ይባል ነበር።

«ምን አየሽ?» አለኝ።

«ትንሽ ትተነፍሳለች።»

«የት ጋ?»

«ወገቧ ላይ።»

«በዚህ ዕድሜ ወገቡን የማያመው ማን አለ?» አለና የራሱን ወገብ ይዞ ቀና አለ።

ከዚያ አነሳትና ወፍራሙን ጫፏን ወደ መስኮቱ አዙሮ የስልኬን መብራት እንድይዝለት ጠየቀኝ። ከጫፏ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ። ከታች ጎበጥ ያለ፣ ወደ ላይ ሦስት ጣት የዘረጋ ነው። ለዓመታት ስናየው የኖርነው ምልክት ነው። እሱ ግን ዛሬ እንደመጣ እንግዳ አየው። «ንጉሡ ሠ ናት» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው። እኔ ከሥሯ ለሚሰቀለው መግለጫ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት ከፊቴ አስቀምጬ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኩት። ምልክቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገና «ቦሩ» አለ። ነገ ማለቱ ነው። ቤታችን ውስጥ አማርኛውና ኦሮምኛው ተደባልቆ ይነገር ነበር፤ ለነገ የሚቀጠር ነገር ግን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር የሚቀጠረው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንግዳ ጠበቀን። ሰኞ ጠዋት የቢሮው ደረጃ ላይ ወደቀ፤ አልተነሳም። ወረቀቱ ባዶውን ቀረ።

ባሌ የግብርና ባለሙያ ነበር። ሥራው ከአምቦ እያወጣ ጊንጪ፣ ጌዶ፣ ካቺሲ፣ ወንጪ ይወስደው ነበር። እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ እነዚህን ከተሞች ያወቅኋቸው በአብዛኛው ከእሱ አፍ ነው። የሌላ ሰው ባል ከመስክ ሲመለስ የቅቤውን፣ የጤፉን፣ የመንገዱን ወሬ ይዞ ይመጣል። የእኔው የፑል ቤቶቹን ወሬ ይዞ ይመጣል። ጊንጪ አውቶቡስ ማረፊያው አጠገብ ያለው ቤት ጠረጴዛው ወደ ግራ እንደሚያዘነብል፣ ጉደር ያለው ቤት ጨርቁ እንደተቀደደና በሴት ቀሚስ ጨርቅ እንደተጠገነ፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አንዱንም በዓይኔ አላየሁም።

ጎበዝ ተጫዋች ግን አልነበረም። ተራው ሲደርስ ስቴካውን ገልብጦ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙሮ ሲያነብ፣ ጠረጴዛውን ከበው የሚጠብቁት ጎረምሶች ትዕግሥታቸው ያልቃል። አንድ ጊዜ ጌዶ ላይ አንዱ፣ «ኦቦ፣ ይመታሉ ወይስ ይመረምራሉ?» ብሎት ቤቱ ሁሉ እንደሳቀ ራሱ ነው እየሳቀ የነገረኝ። የሚፈልገው የሠሪውን ምልክት ነበር። ማን ሠራው፣ የት፣ መቼ? ያንን ካወቀ በኋላ ኳሱ ጉድጓድ ገባ አልገባ ግድ አልነበረውም።

ስቴካ የሚለውን ቃል የያዘው ከድሮ የከረንቡላ ተጫዋቾች ነው፤ እነሱ ከጣልያን ወርሰውታል። ልጆቹ ግን ዱላ ነው የሚሉት። ዱላ ሲባል ይናደድ ነበር። «ዱላ ለከብት ነው» ይላል። እኔ ይህን ቃል የማውቀው በሱቅ ቋንቋ ብቻ ነበር፤ አሥር ፓኮ ሲጋራ በአንድ ካርቶን ሲታሸግ ስቴካ ይባላል። ተጋብተን ብዙም ሳንቆይ ከጊንጪ ደውሎ፣ «ዛሬ አንድ ሹፌር ስቴካ ያመጣልሻል፣ ተቀብለሽ አስቀምጪልኝ፤ ሰው እንዳያይብሽ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የማያጨስ ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ይባስ ብሎ በካርቶን ያስመጣል፣ ደግሞም ይደብቃል። እንዲህ እያልኩ ስበሽቅ ቆየሁ። ማታ ሹፌሩ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ፣ ከእኔ የሚረዝም ነገር ተሸክሞ በር ላይ ቆመ። «አዴ፣ በሩን ሰፋ አድርጊልኝ» አለ። ባሌ ሲመለስ የሆነውን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ፣ «እሷ እኮ በስቴካ የተነሳ ልትፈታኝ ነበር» ይላል። ነገሩን ያልሰማ እንግዳ ቤታችን መጥቶ አያውቅም።

ከጊዜ ጋር እኔንም አስተማረኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በጥፍሬ እንድዳስስ ያደርገኛል። ተጭኖ የተቀረጸ ጽሑፍ ከሆነ ጥፍር ይይዘዋል፤ ከቫርኒሽ ሥር የተለጠፈ ሥዕል ከሆነ ጥፍር አልፎት ይሄዳል። በጋለ ብረት የተተኮሰ ከሆነ ጠርዙ ይቆረቁራል፣ አፍንጫ ቀረብ ሲል ደግሞ ከስንት ዓመት በኋላም እንኳ ጭስ ጭስ ይላል፤ ወይም እኛ እንዲያ ይመስለን ነበር። ሁለት ሆኖ የሚገጣጠም ስቴካ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚፈታው መጋጠሚያውን ነው። ጥርሱ ከራሱ ከእንጨቱ የተፈለፈለ ከሆነ ድምፁ ይቀየራል፤ ቀስ ብሎ ያወራል። ናስ ከሆነ ጊዜው ወደዚህ ቀርቧል ማለት ነው።

ከሁሉ የምወደው ትምህርት የሹሎቹ ነበር። ስቴካ እጀታው ላይ ጥቁርና ነጭ እንጨት እንደ ጦር ጫፍ እየሾለ የተገጣጠመበት ቦታ አለ። ሰው በእጁ ያገጣጠመው ከሆነ ሹሎቹ እኩል አይሆኑም፤ አንዱ ከሌላው በትንሹ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ሁሉም ልክ እኩል ከሆኑ ግን የታተመ ሥዕል ነው፤ ፋብሪካ የለጠፈው። «እኩል ከሆነ ሰው አልነካውም» ይለኛል። ተማሪዎቼ ድርሰት ጽፈው ሲሰጡኝ ይህ ነገር ትዝ ይለኝ ነበር። አሁንም ትዝ ይለኛል።

ሰው ለቤቱ ሶፋ ሲገዛ እኛ ግድግዳችን ላይ ስቴካ አበዛን። አብዛኞቹ ከተዘጉ ቤቶች የመጡ ናቸው። ሆቴል ሲታደስ፣ ጠረጴዛው ሲሸጥ፣ ዘንጎቹ ለቲማቲም ድጋፍ ወይም ለልብስ መስቀያ ይሆናሉ፤ እሱ ያንን እየተከተለ ይለቅም ነበር። በኮሮና ጊዜ የፑል ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ ደግሞ የእኛ ከተማ የፑል ቤት ባለቤት፣ የባሌ የልብ ወዳጅ፣ እርጥበት እንዳያጎብጣቸው ብሎ የእሱንም አምጥቶ እኛ ጋ አስቀመጠ። ያን ሰሞን ሳሎናችን ውስጥ ወንበር ከመሳብ በፊት ዙሪያን ማየት ያስፈልግ ነበር።

ይቺ ምልክቷ የተተኮሰው ስቴካ የተገኘችው ካቺሲ ነው። አንድ ሻይ ቤት ገብቶ በሩ ከውስጥ በምን እንደሚዘጋ ያያል። መወርወሪያው እሷ ነበረች። ለሴትዮዋ ደህና የባሕር ዛፍ መወርወሪያ አስጠርቦ ሰጣትና እሷን ይዞ መጣ። ከእሷ በፊት ያገኛቸው ስቴካዎች ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። እሷ ግን የዚህ አገር ነች፤ እጀታዋ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ቀላል ስለሆነ ሠሪው ጫፏን በስቶ ብሎን ከትቶባታል፣ እንድትከብድ። ሌላው ግራ ያጋባው ነገር ውፍረቷ ነበር። ከወገቧ በታች ከመጠን በላይ ወፍራም ናት፤ እጅ በደንብ አይጨብጣትም። «ስቴካ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ያህል ቀጥ አድርጎ አይሠራም» እያለ ያሰላስል ነበር።

ከዚያ ምልክቷ። መጀመሪያ ቀን አሳየኝና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም እንደ አስተማሪ፣ ሳላስብ፣ «ንጉሡ ሠ» አልኩት። እኛ ሁለቱን የ«ሰ» ፊደሎች ለመለየት አንዱን ንጉሡ ሠ፣ ሌላውን እሳቱ ሰ እንላቸዋለን፤ ንጉሥ የሚለው ቃል በዚያኛው ስለሚጻፍ ነው። እሱ በዚህ በጣም ተደሰተ። ዛሬ ስሙን በንጉሡ ሠ የሚጀምር ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሠሪው ቤተ ክህነት የተማረ የድሮ ሰው መሆን አለበት፣ ስለዚህ ስቴካዋ የጃንሆይ ዘመን ናት። «ንጉሡ ሠ በንጉሡ ዘመን» ብሎ ለሁሉ አወራ።

የፑል ቤቱ ባለቤት ግን አልተቀበለውም። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ልጆቹ በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ ነው የተማሩት። ምልክቱን አየና በኦሮምኛ ፊደል ደብልዩ ነው አለ። ወንጪ በቁቤ ሲጻፍ የሚጀምረው በእሱ ነው፤ ወሊሶም እንደዚያው። ቁቤ ትምህርት ቤት የገባው ደግሞ መንግሥት ከተቀየረ በኋላ ነው። ስለዚህ ስቴካዋ ልጅ ናት።

«ይቺ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች» አለው።

«አንተ መኪና እንጂ እንጨት አታውቅም» አለው ባሌ።

«ሚስትህ አማርኛ ባታስተምር ኖሮ አንተም ደብልዩ ነው ትል ነበር። ጃንሆይን ቤትህ ያስገባቻቸው እሷ ናት።»

ይህ ክርክር ለዓመታት ቆየ። ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ጊዜያት፣ ሰው ምን እንደሚያወራ ግራ በሚገባው ሰሞን፣ ሁለቱ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ያነሳሉ። አንድ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በመሃላቸው ይቀመጣል፤ ስቴካዋ እንደ ሦስተኛ ሰው ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማቸዋለች። እኔ ቤት ውስጥ ደብተር እያረምኩ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። አሁን ሳስበው ደስታችን ይህ ነበር፤ ያኔ ግን ጫጫታ ነው የመሰለኝ።

ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት በከተማችን አዲስ ሆቴል ተሠራ። ባለቤቱ የፑል ክፍሉን ግድግዳ በድሮ ስቴካዎች ማስጌጥ ፈለገና ወደ ባሌ መጣ። ባሌ ለመስጠት አላመነታም፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ከእያንዳንዱ ሥር ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ የመቼ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ይሰቀል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን ይወደው ነበር። በእነዚያ ቅዳሜዎች አንድ በአንድ እያንከባለልን፣ እየዳሰስን፣ እየጻፍን የሁሉንም ጨረስን። የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

የእሷን ልጽፍ ስል «የጃንሆይ ዘመን» በይ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። በረንዳው ላይ እንዲያ ሲፎክር የኖረ ሰው፣ ወረቀት ላይ ሲደርስ አፉ አልታዘዘውም። ለወሬ ሌላ፣ ለጽሑፍ ሌላ ነው። ለዚያ ነው «ቦሩ» ያለኝ።

ከቀብሩ ወር ያህል ቆይቶ የሆቴሉ ባለቤት ሊያጽናናኝ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ሻዩን ጠጥቶ ብዙ ቆየና በሐፍረት ግድግዳው ዝግጁ መሆኑን ነገረኝ። ሌሎቹን ስቴካዎች ከነወረቀቶቻቸው ሰጠሁት። እሷን ስይዝበት አየኝና ምክንያቱን ጠየቀ። የእሷ ወረቀት እንዳልተጻፈ ነገርኩት።

«አዴ፣ ጥንታዊ ብለን እንጻፍባት። ማን ያውቃል?»

«እሱም አያውቅም ነበር» አልኩት። «የማያውቀውን ደግሞ አያስጽፍም።»

ሰውየው አልተከራከረኝም። ቦታዋን ባዶ እንደሚያቆይላት ነግሮኝ ሄደ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ታዘብኩት። ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው፤ ስለ ሐውልቱ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ተዝካሩ በየቀኑ ይደውላሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያ ነጭ ወረቀት ነበር። በእሱ ስም የሐሰት ቃል ልጽፍበት አልፈልግም፤ ባዶውን ደግሞ ማየት አልችልም። ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው እሷ ብቻ ሳሎኑ ውስጥ ቀረች። ሁለታችን ቀረን።

የለቅሶ ሰሞን ቤቴ በሰው ዕቃ ተሞልቶ ነበር። እድሩ ድንኳንና አግዳሚ ያመጣል፤ የጎደለውን ጎረቤት ያሟላል። ብርጭቆው፣ ትሪው፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ከየቤቱ ይመጣል፤ እንዳይቀላቀል ሁሉም ዕቃውን ምልክት ያደርጋል። የብርጭቆ ቂጥ ላይ የጥፍር ቀለም፣ የድስት ጆሮ ላይ ክር፣ የወንበር እግር ላይ ሰማያዊ ቀለም። ድንኳኑ ሲነሳ ሴቶቹ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው በምልክቱ ይለያዩታል። ከመስኮቱ ሆኜ አየኋቸው፤ አንድ በአንድ እያነሱ፣ እየገለበጡ፣ የማን እንደሆነ ከቂጡ ያነባሉ። ባሌ ቢያያቸው ኖሮ ወጥቶ አብሯቸው ይቀመጥ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሁሉም ዕቃ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አንዲት በርጩማ ብቻ ቀረች። ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫዋ በሰው ብዛት የተሞረደ፣ አጭር በርጩማ ናት። ቀለም የላትም፣ ክር የላትም። የማን እንደሆነች የሚያውቅ አልተገኘም። ኮሪደር ላይ አስቀመጥኳትና ጀሪካን አሳረፍኩባት። ሳምንታት አለፉ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ወለሉን ላጥብ ብዬ ጀሪካኑን አወረድኩ፣ በርጩማዋንም ገልብጬ ግድግዳ ሥር አስቀመጥኳት። ውሃ ስደፋ ዓይኔ መቀመጫዋ ሆድ ላይ አረፈ። በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ። መጥረጊያውን ጣልኩ። ወደ ሳሎን ሄጄ ስቴካዋን አመጣሁና ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ያው ጉብጠት፣ ያው ሦስት ጣት፤ መጠኑ እንኳን አንድ ነው። አንድ ብረት ነው የተኮሳቸው። እንጨቱም ዋንዛ ነው።

ከቆምኩበት ሆኜ ግን የበርጩማዋ ምልክት ሠ አይመስልም፤ የተገለበጠ ነው። ጉብጠቱ ከላይ ነው፣ ሦስቱ ጣቶች ወደ ታች ወርደዋል። እንደ ልማዴ አነበብኩት፦ ጠ። ታዲያ በጠ የሚጀምር ስም ያለው ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ስንት ዓመት የተከራከሩት ሁለቱ ሰዎች ስቴካዋን ከላይ ወደታች ይዘው ኖሯል ብዬ ሳቅ መጣብኝ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ግን ከፊደል ማለፍ አልቻልኩም።

የበርጩማዋን ባለቤት ፍለጋ ጀመርኩ። አንድ ወዳጄ ከእኛ አራት ቤት አልፎ የሚኖሩ አሮጊት ለቅሶው ላይ አንድ ቀን መጥተው ወዲያው እንደታመሙ አስታወሰችኝ። በርጩማዋን በአንድ እጄ፣ ስቴካዋን በሌላው ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። አዮ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አዮ የምንላቸው ሠፈሩ ሁሉ እናት ስላደረጋቸው ነው። በርጩማዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ፣ በኦሮምኛ አመሰገኑኝ። ጠፋች ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።

ገልብጬ አሳየኋቸው። «አዮ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«በርጩማ ነዋ።»

«ምልክቱን ነው የምልዎት።»

«እሱም በርጩማ ነው» አሉኝ። ከዚያ ዓይኔን አይተው በጣታቸው አሳዩኝ። ጎበጥ ያለው መቀመጫው ነው፣ ሦስቱ እግሮቹ ናቸው። «ሌላ ምን ይሁን ልጄ?»

እዚያው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አዮ የወንጪ ልጅ ናቸው። በርጩማዋን ሲያገቡ ከወላጆቻቸው ቤት ይዘዋት ነው የመጡት። ሠሪው የመንደራቸው ሰው ነበር፤ በርጩማና የፈረስ ኮርቻ እንጨት ይጠርባል። ፊደል አያውቅም ነበር፣ ግን ዕቃው እንዲታወቅለት በርጩማ በትንሹ በብረት ቀርጾ በሚሠራው ሁሉ ላይ ይተኩሳል። ስቴካዋን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው አዮ ሳቁ፣ ሳላቸው እስኪነሳ ድረስ። ታሪኩን ያውቁታል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።

የደርግ ጊዜ ነው፤ እሳቸው ያገቡ ሰሞን። የወጣቶቹ ማኅበር መዝናኛ ቤት ከፈተና የፑል ጠረጴዛ ከየት እንደሆነ አመጣ። ዘንጎቹ ግን መንገድ ላይ ተሰብረዋል። ወጣቶቹ ወደ በርጩማ ሠሪው ሄደው ዱላ እንዲሠራላቸው አዘዙት። የሚመጣጠን፣ ቀጥ ያለ ዱላ። ጊዜው ማኅበሩ ጥበቃ የሚያቆምበት ጊዜ ነው፤ ሰውየውም ምንም ሳይጠይቅ ዱላ ሠራ፣ ሰው የሚመታ ዱላ። ሊቀበሉ ሲመጡ አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ እንዴት እንደሚመቱበት አሳየው። ሰውየው፣ አዮ ድምፁን አስመስለው እንደነገሩኝ፣ «ኳስ ነው እንዴ የምትመቱት? እኔ እኮ ሰው መስሎኝ ነው ያወፈርኩት» አለ። ከዚያ ከወገቡ በላይ ያለውን እንደገና አቅጥኖ ሰጣቸው። ታችኛውን ግን ምልክቱን ተኩሶበት ስለነበር አልነካውም።

እኔ በዚህ ጊዜ እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር። ባሌ ዱላ የሚለውን ቃል እንዴት ይጠላ እንደነበር ለአዮ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ሳልጨርሰው ቀረሁ። ያች ውፍረት፣ ስንት ምሽት ያሰላሰለባት ውፍረት፣ ከአንድ ቃል የመጣች ናት። እሱም አልተሳሳተም፤ ስቴካ የማያውቅ ሰው ነው የሠራት፣ ግን እንጨት የሚያውቅ። ከወንጪ ካቺሲ እንዴት እንደደረሰች አዮ አያውቁም። እኔም አላውቅም፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም።

የፑል ቤቱን ባለቤት አስጠርቼ በረንዳው ላይ፣ በባሌ ወንበር አጠገብ ባለው በራሱ ወንበር አስቀምጬ ነገርኩት። የጃንሆይ ዘመንም አይደለም፣ የመጨረሻ ልጁም ታናሽ አይደለችም፤ መሃል ላይ ነው። «ሠ» አይደለም፣ «ደብልዩ»ም አይደለም። ስቴካዋን ተቀብሎ ገለበጣት፣ መልሶ ገለበጣት። «አይ ሰውዬ» አለ በመጨረሻ፣ ለእኔ ሳይሆን ለባዶው ወንበር። «ሁለታችንም ተሸነፍን።»

በዚያው ቀን ወረቀቱን ጻፍኩ። ያው ቅዳሜ የቆረጥኩት ወረቀት ነው፤ ጥጉ ትንሽ ተጣጥፏል። «ዋንዛ። በወንጪ በርጩማ ሠሪ፣ በደርግ ዘመን፣ ለወጣቶች መዝናኛ የተሠራች። ምልክቷ በርጩማ ነው።» ከዚህ በላይ አልጨመርኩም። እሱ ሲያስጽፈኝ ቃል አያበዛም ነበር።

ሆቴሉ ውስጥ ስቴካዎቹ ሁሉ ቀጭኑ ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ተሰቅለዋል። እሷን ግን ወፍራሙን ጫፏን ወደ ላይ አድርጌ በራሴ እጅ ሰቀልኳት። እንዲያ ስትሆን ብቻ ነው በርጩማው በእግሩ የሚቆመው። ባለቤቱ አየና እንዳለች ተዋት። አስተናጋጆቹ ግን ይህች ሴትዮ የፑል ነገር ስለማታውቅ ነው እያሉ፣ ለእኔ አዝነው፣ እኔ ስሄድ ያስተካክሏታል።

አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴሉ ሄጄ አንድ የአምቦ ውሃ አዛለሁ፤ ጠጥቼ ስጨርስ ተነስቼ እገለብጣታለሁ።